ነገ ጠዋት ፈተና አለኝ፣ የተመዘገብኩበት ስምና መንጃ ፈቃዴ አልገጠሙም!! የሚያውቅ ይርዳኝ

ከወንዶ ገነት (ጠያቂ)፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 12:40
ሰላም ለሁላችሁ። ሰላምታ ሳላበዛ ልግባ፣ ሰዓት የለኝም። ነገ ጠዋት 8:30 ፈተና አለኝ። አሁን የማረጋገጫውን ኢሜይል ፕሪንት ላድርግ ብዬ ስከፍተው በኔና በአባቴ ስም ብቻ ነው የተጻፈው። መንጃ ፈቃዴ ላይ ደግሞ ላስት ኔም የአያቴ ነው። ኢሜይሉ ስሙ ከመታወቂያው ጋር ካልተመሳሰለ አትገባም፣ የከፈልከውም አይመለስም ይላል። ስደውል ሙዚቃ ብቻ፤ 40 ደቂቃ ጠብቄ ተቋረጠ። ሦስት ወር ሙሉ ነው ያጠናሁት። ምን ላድርግ?

በሶብላ፣ 12:43
8:30 በእኛ ነው በፈረንጅ? በእኛ ከሆነ ከሰዓት ነው፣ ለጥ ብለህ ተኛ።

ሊስበርግ ፓይክ፣ 12:44
የምን ፈተና? የት ስቴት? ግማሹን ሆዳችሁ ውስጥ ትታችሁ ነው የምትጠይቁት። ለማንኛውም ፓስፖርት ይዘህ ሂድ።

ከወንዶ ገነት፣ 12:47
ይቅርታ፣ ደንግጬ ነው። ቨርጂኒያ ነኝ። ፈተናው ሲፒአርፒ ነው፣ ኤንአርፒኤ (የአሜሪካ የፓርክና ሪክሪኤሽን ማኅበር) የሚሰጠው የፓርክና ሪክሪኤሽን ባለሙያ ሰርተፊኬት። ካውንቲ ሪክሪኤሽን ሴንተር ውስጥ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የሱፐርቫይዘር ቦታ ወጥቷል፣ ሰርተፊኬት ያለው ይመረጣል ይላል፣ ማመልከቻው ዓርብ ይዘጋል። ፓስፖርቴም ላይ ሰርኔም የሚለው የአያቴን ስለሆነ አይረዳኝም። ስመዘገብ ዲግሪዬ ላይ እንዳለው ስሜንና የአባቴን ሞላሁ። አገር ቤት እያለን ማን አያቱን ይጽፍ ነበር!

ፍሬን ያዥ፣ 12:52
ይቅርታ አድርግልኝና፣ ሣር ለማጨድና ኳስ ለመንፋት ፈተና ምን ያደርጋል? የአጎቴ ልጅ ሲዲኤል፣ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ አወጣ፣ ዛሬ የራሱን ትራክ ይነዳል። ስምህ ማነው ብሎ ያስቸገረው የለም።

ከወንዶ ገነት፣ 12:55
ሲዲኤልም መታወቂያ ይጠይቃል ወንድም። ሣር አላጭድም። የ60 ልጆች የሰመር ካምፕ ፕሮግራም አወጣለሁ፣ የላይፍጋርዶች ፈረቃ እሞላለሁ፣ የጂሙን ኪራይ ሂሳብ እዘጋለሁ። ባካችሁ ወደ ስሙ እንመለስ።

የእንጦጦው፣ ከምሽቱ 1:04
ወንድሜ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ፍሬን ያዥ የተባለው ሰው ሙያውን ንቋል። ኦልምስትድና ቮክስ የኒውዮርኩን ሴንትራል ፓርክ የንድፍ ውድድር በ1858 ሲያሸንፉ ፓርክ የሚነድፍ ነበር እንጂ ፓርክ ማስተዳደር ራሱን የቻለ ሙያ አልነበረም። ኤንአርፒኤ የተመሠረተው በ1965 ነው፣ የፓርኩም የመዝናኛውም ማኅበራት ለየብቻቸው ሲሠሩ ኖረው ሲዋሃዱ። እኛም ብንሆን እኮ በምኒልክ ጊዜ ባሕር ዛፉ ሲገባ የሚንከባከበው ባለሙያ ማነው ብለን አልጠየቅንም። ወደ ስምህ ስመጣ፣ የሐበሻ ስም የቤተሰብ ስም አይደለም። የአባትህ ስም ያንተ ስም አይደለም፣ የአባትህ ነው። ፈረንጅ ይህንን እስኪገነዘብ ድረስ...

በሶብላ፣ 1:06
ልጁ ጠዋት ፈተና አለበት፣ ጋሼ ገና 1858 ላይ ናቸው።

የእንጦጦው፣ 1:11
ሳልጨርስ አታቋርጠኝ። ለልጁ የሚጠቅም ነገር ልናገር ነበር። እኔ ስፈተን አምስት ክፍል ነበረው፤ ኮሙኒኬሽን፣ ፋይናንስ፣ የሰው ኃይል፣ ኦፕሬሽን፣ ፕሮግራሚንግ። እኔን ያደናገረኝ ፋይናንሱ ነው። ለመዋኛ ገንዳው ክሎሪን ስትገዛ ኦፕሬቲንግ በጀት ነው፣ በየዓመቱ ያልቃል። የገንዳውን ማጣሪያ ነቅለህ በአዲስ ስትተካ ካፒታል ነው። ሁለቱን አደባልቀው አጣመው ነው የሚጠይቁህ። ዛሬ ማታ እሱን አንብብ፣ ስሙ ይደርሳል።

ከወንዶ ገነት፣ 1:13
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን በሩን ካላለፍኩ ክሎሪኑ ምን ያደርግልኛል?

ሚስተር ፍኑ፣ 1:15
አንተ እድለኛ ነህ። የኔ ፓስፖርት ላይ አንድ ሳጥን ውስጥ ነው ሁሉንም ያጎሩት፣ ቪዛዬ ላይ ፈርስት ኔም በሚለው ቦታ "ኤፍ ኤን ዩ" ብሎ መጣ። ስሙ አይታወቅም ማለት ነው። ስሜማ ይታወቃል፣ እናቴን ጠይቋት! ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራ ቦታ ሚስተር ፍኑ ነበርኩ። ዜግነት ስወስድ ኤን-400 የሚባለው ማመልከቻ ላይ የስም ለውጥ የሚለውን ሞላሁና ዳኛ ባለበት መሐላ ላይ ተገላገልኩ። ለነገ ጠዋት አይደርስልህም፣ ግን ያዘው።

ሊስበርግ ፓይክ፣ 1:17
ፓስፖርት ይዘህ ሂድ አልኩህ እኮ።

እታለም፣ 1:24
ፍሬን ያዥ፣ አንዴ ስማኝ። እኔ የልጆች መጫወቻ ደኅንነት ኢንስፔክተር ነኝ፣ ሲፒኤስአይ ይባላል፣ በየሦስት ዓመቱ እንደገና እንፈተናለን። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት መለኪያ አለ፣ አንዱ የልጅ ደረት፣ አንዱ የልጅ ጭንቅላት። በመሰላሉና በአጥሩ ክፍተት ሁሉ እያስገባሁ እሞክራለሁ። ዙሪያውን የተዘጋ ክፍተት ከ3.5 ኢንች በላይ፣ ከ9 ኢንች በታች ከሆነ ወጥመድ ነው። ልጅ እግሩን ያስቀድምና ሰውነቱ ያልፋል፣ ጭንቅላቱ ይቀራል፣ ይንጠለጠላል። ባለፈው ሰመር አንድ መናፈሻ ውስጥ የአጥሩ አንድ ብረት ወልቆ ሰው በሽቦ አስሮታል። ስለካው 5 ኢንች። ከዐሥር ሜትር ርቀት ሆነህ ብታየው ምንም የለውም። ሣር ማጨድ ይህ ነው እንግዲህ።

ፍሬን ያዥ፣ 1:27
እሺ እህቴ፣ አልተናገርኩም።

ሸገር ፓርክ ነኝ፣ 1:31
እኔ አዲስ አበባ ፓርክ ውስጥ ነው የምሠራው። ያ የኢንች ነገር በሳንቲ ሜትር ስንት ነው? እኛ ጋ ብየዳ ቤት ያስበየድናቸው ዥዋዥዌና ሸርተቴዎች አሉ፣ ማንም ለክቷቸው አያውቅም።

እታለም፣ 1:36
9 ሳንቲ ሜትር ገደማ እና 23 ሳንቲ ሜትር ገደማ። በመሃል ያለውን ሁሉ ወይ አጥብቡት ወይ አስፉት። ከሥሩ ደግሞ ሲሚንቶ ወይም ደረቅ አፈር አይሁን። የእንጨት ፍቅፋቂ 9 ኢንች ውፍረት፣ ማለትም 23 ሳንቲ ሜትር፣ ካለው ከ10 ጫማ ከፍታ የሚወድቅ ልጅ ጭንቅላቱ ከከባድ ጉዳት ይጠበቃል። አሸዋ በዚያው ውፍረት ለ4 ጫማ ብቻ ነው። እና ፍቅፋቂው እግር ሲበዛበት ይሸሻል፣ በተለይ ዥዋዥዌው ሥር፣ በሬክ መልሳችሁ መሙላት አለባችሁ።

በሶብላ፣ 1:38
ለማያውቁት የስሙን ጉዳይ ላስረዳ። አበበ በሶ በላ። አበበ ፈርስት ኔም፣ በሶ ሚድል ኔም፣ በላ ላስት ኔም።

ሦስተኛ ፎቅ፣ 1:49
ሳቁ ሳቁ፣ እኔ ያንን በሶ በልቼዋለሁ። ያው ፈተና፣ ያው ችግር። ጠያቂው እንዲህ አድርግ።

ስልኩን ተወውና ጻፍ፣ የተጻፈ ነገር ማስረጃ ነው። ለሁለት ቦታ ነው የምትጽፈው፣ ፈተናውን ለሚያስፈትነው ድርጅትና ለኤንአርፒኤ የሰርተፊኬሽን ክፍል። እኔ ለአንዱ ብቻ ጽፌ ወዲያና ወዲህ ሲያመላልሱኝ ነበር። አራት መስመር ይበቃል። ሕጋዊ ስሜ መንጃ ፈቃዴ ላይ ያለው ነው፤ ስመዘገብ ላስት ኔም ቦታ ላይ ሚድል ኔሜን ሞላሁ፤ ሰውዬው አንድ ነው፣ የልደት ቀኑም አድራሻውም አንድ ነው፤ እባካችሁ አስተካክሉልኝ። የመንጃ ፈቃድህን ፎቶ አያይዝ። ስለ ሐበሻ ስም ታሪክ አትጻፍ፣ ግራ ይገባቸዋል። አካውንትህ ውስጥ ቻት ካለም እሱን ክፈት፣ የቲኬት ቁጥር ይሰጡሃል፣ ቁጥሩን ፕሪንት አድርግ።

መንጃ ፈቃድህ ላይ የአባትህ ስም ሚድል ኔም ሆኖ ሙሉውን ተጽፏል ወይስ በአንድ ፊደል? ይሄ ወሳኝ ነው።

ከወንዶ ገነት፣ 1:53
ሙሉውን አለ!

ሦስተኛ ፎቅ፣ 1:58
እንግዲያው አላለቀልህም። ነገ 45 ደቂቃ ቀድመህ ድረስ። መንጃ ፈቃዱን ስትሰጥ የአባትህን ስም በጣትህ አሳያቸው። የሥራ ባጅህ ላይ ስምህ እንዴት ነው? በስምህና በአባትህ ከሆነ እሱንም፣ ዲግሪህንም ያዝ፣ ሁለተኛ ማስረጃ ይሆናል። ዴስክ ላይ ያለችው ልጅ አይሆንም ካለች አትጨቃጨቃት፣ መወሰን አትችልም። ኃላፊውን ጥሪልኝ በላት። እሱም እምቢ ካለ ያልገባህበትን ምክንያት ጽፈው እንዲሰጡህ ጠይቅ። ዝም ብለህ ከሄድክ "አልመጣም" ተብሎ ነው የሚመዘገብብህ፣ ብሩም እዚያው ይቀራል።

ገብተህ ብታልፍም ስሙን ማስተካከሉን እንዳትተወው። የኔ ሰርተፊኬት በአባቴ ስም ወጣ፣ የሥልጠናዎቼ ወረቀት ሁሉ በአያቴ። በየሁለት ዓመቱ ሲታደስ 2.0 ሲኢዩ ይፈልጋል፣ የ20 ሰዓት ትምህርት ማለት ነው። ይህች ሴትዮና ያቺ ሴትዮ አንድ ናቸው ብዬ ለማሳመን ሁለት ወር ፈጀብኝ።

ሊስበርግ ፓይክ፣ 2:00
ወይም ፓስፖርት።

ሦስተኛ ፎቅ፣ 2:01
ፓስፖርቱም የአያቱን ነው የሚለው ብሏል እኮ!

ያልተጠየቀ፣ 2:10
አንድ ነገር ልበል። ማስታወቂያው "ይመረጣል" ነው ያለው ወይስ "ግዴታ ነው"? ልዩነት አለው። ይመረጣል ከሆነ ፈተናው ቢቀርም ዓርብ ማመልከት ትችላለህ። ቅጹ ላይ ሲፒአርፒ በሂደት ላይ ነኝ ብለህ የቀጠሮ ቀንህን ጻፍ። አንተ እኮ በዲግሪህና በሦስት ዓመት ሥራ ነው ለፈተናው ብቁ የሆንከው፣ ዲግሪህ የደን ከሆነ ማለቴ ነው፣ ስምህ እንደ ደን ኮሌጁ ወንዶ ገነት ስለሚል። ያቺ ሦስት ዓመት ለቦታውም ትቆጠርልሃለች። ሰው ሁሉ ስለ ወረቀቱ ሲጨነቅ ካምፑን ማን እንደሚመራው ይረሳል።

ከወንዶ ገነት፣ 2:14
አዎ የደን ነው፣ ወንዶ ገነት። ይመረጣል ነው የሚለው። ግን ለዚያች ቦታ ሌሎች ሁለት ልጆች ከኛው ሴንተር ያመለክታሉ፣ አንዷ ሰርተፊኬቱ አላት። ለዚህ ነው።

ለሁለቱም ጻፍኩ። ቻቱ ከፈተልኝና በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ እንመልሳለን አለ። አንድ የሥራ ቀን ማለት እኮ ፈተናው ካለፈ በኋላ ነው። ቲኬቱን ፕሪንት አደረግኩ። ባጄ ላይ ያለው በስሜና በአባቴ ነው፣ ተመስገን።

የእንጦጦው፣ 2:20
ክሎሪኑን እንዳትረሳ።

ከወንዶ ገነት፣ ረቡዕ ከጠዋቱ 1:41
ፓርኪንጉ ላይ ነኝ፣ በእኛ ነው የጻፍኩት በሶብላ እንዳይጀምረኝ። ሌሊት ከአንደኛው መልስ መጣ፣ ጥያቄህ ደርሶናል ይላል፣ ሌላ ምንም የለውም። እሱንም ፕሪንት አደረግኩት። ልግባ።

እታለም፣ 1:44
እመብርሃን ትከተልህ። ውኃ ጠጣ።

ከወንዶ ገነት፣ 1:58
ዴስክ ላይ ያለችው መንጃ ፈቃዱንና ባጁን ጎን ለጎን አድርጋ ሁለት ደቂቃ አየቻቸው። የአባቴን ስም በጣቴ አሳየኋት። ጮክ ብላ ልታነበው ሞከረች፣ አልሆነላትም። አሁን ሁለቱንም ይዛ ወደ ውስጥ ገብታለች፣ ኃላፊውን ልትጠይቅ ይመስለኛል። ሌላው ልጅ ስልክህን ሎከር ውስጥ አስገባ እያለኝ ነ

ሚስተር ፍኑ፣ ከጠዋቱ 5:30
እ? ገባህ?

ሦስተኛ ፎቅ፣ ሐሙስ ማታ
ልጁ ምን ሆነ? ማመልከቻው ነገ ነው የሚዘጋው። ካልገባህም ያልተጠየቀ ያለህን አድርግ፣ በሂደት ላይ ብለህ ጻፍ።

ሸገር ፓርክ ነኝ፣ ሐሙስ ማታ
እታለም፣ ዛሬ ለካን። ከዐሥራ አንድ ክፍተት አራቱ ወጥመድ ሆኖ ተገኘ። ነገ በያጁ ይመጣል።

በሶብላ፣ ቅዳሜ
እና አበበ በላ ወይስ አልበላም?

ሊስበርግ ፓይክ፣ ቅዳሜ
ፓስፖርት ነበር መያዝ።