ቤዝመንት ነው የምንኖረው፤ ደራሽ ጎርፍ ሲመጣ ሥራ ላይ ሆኜ እንዴት ቀድሜ ልወቅ?

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ወንድሞችና እህቶች። እኔ ማታ ማታ ኡበር እሠራለሁ፣ ባለቤቴ የሌሊት ሺፍት አላት። ሌሊት ቤት የሚቀሩት እማዬና የ4 ዓመት ልጃችን ናቸው። ባለፈው ሳምንት ቨርጂኒያ ዳለስ ኤርፖርት ወረፋ ይዤ ነበር፤ እኔ ያለሁበት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ስልኬም ምንም አላለም። ቤት ስደርስ ከውጭ ደረጃው ሥር ያለው የውሃ መውረጃ በቅጠል ተደፍኖ፣ ውሃው በበሩ ሥር ገብቶ የልጁ ፍራሽ ርሷል። እማዬ ልጁን ታቅፋ አልጋው ላይ ቁጭ ብላለች። የሷ ስልክ ጮኾ ነበር፤ ጽሑፉ እንግሊዝኛ ስለሆነባት ግን "ባትሪ ያለቀ መስሎኝ አጠፋሁት" አለችኝ።

ዝናቡ ገና ሲመጣ ከመንገድ ላይ ሆኜ በምን ልከታተለው? እማዬስ መቼ መውጣት እንዳለባት በምን ትወቅ?

መልስ 1 (የታክሲ ሹፌር፣ አሌክሳንድሪያ)

እንኳን እግዚአብሔር አተረፋቸው። ስልክህ ዝም ያለው ተበላሽቶ አይደለም። ያ የሚጮኸው የአደጋ መልእክት የሚላከው በዚያ ሰዓት አደጋው ያለበት ቦታ ላሉ ስልኮች ነው። አንተ ዳለስ ነህ፣ ጎርፉ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ስለዚህ የናትህ ስልክ ይጮኻል፣ ያንተ አይጮኽም። መፍትሔው ማስጠንቀቂያውን ከቤቱ አድራሻ ጋር ማሰር ነው። የካውንቲያችሁ "አለርት ሞንትጎመሪ" ላይ የቤትህን አድራሻ አስገብተህ በነፃ ተመዝገብ፣ ባለቤትህም ትመዝገብ። የአየር ሁኔታ አፕ ካለህም "አሁን ያለሁበት" ብቻ እንዳይሆን፣ የቤትህን ዚፕ ኮድ ጨምርበትና ማሳወቂያውን ክፈት።

መልስ 2 (እህት፣ ሮክቪል)

ሁለቱን የማስጠንቀቂያ ቃላት፣ ዋችና ዋርኒንግን፣ ለዩ። ዋች ሲባል ሁኔታው ለጎርፍ የተመቻቸ ነው፣ ተዘጋጅታችሁ ጠብቁ ማለት ነው። ዋርኒንግ ሲባል ግን ጎርፉ ጀምሯል ወይም ሊጀምር ነው። ዋች የወጣ ቀን ልጁንና እናትህን ለምን ሌላ ቤት አታሳድራቸውም? እኔ እንደዛ ነው የማደርገው።

ደግሞ ስልክ ካልጮኸ ሰላም ነው ብላችሁ አትተኙ። የብሔራዊ አየር ሁኔታ አገልግሎት የሚያወጣው የደራሽ ጎርፍ ዋርኒንግ ሁሉ ስልክ ላይ አይጮኽም፤ የሚጮኸው የጉዳቱ ግምት ከፍ ያለው ብቻ ነው። ነጎድጓድም እንዲሁ ነው። ነፋሱ በሰዓት 58 ማይል ወይም የሚወርደው የበረዶ ጠጠር ስፋቱ 1 ኢንች ከደረሰ ዋርኒንግ ይወጣል፤ ስልክ የሚጮኸው ግን ነፋሱ 80 ማይል ወይም የበረዶ ጠጠሩ 2.75 ኢንች ይደርሳል ሲባል ነው።

ጠያቂው

ይህን አላውቅም ነበር፣ ተባረኩ። ራዳሩን ግን ከፍቼ አየሁት፤ ቀለም ብቻ ነው የሆነብኝ።

መልስ 3 (ሰማይ ተከታታይ፣ አርሊንግተን)

ወንድሜ፣ ቀለሙን ብቻ አትይ፣ እንቅስቃሴውን እይ። ዌዘር ዶት ጎቭ ላይ ዚፕ ኮድህን አስገባና ራዳሩን አጫውተው። በበጋ እዚህ ነጎድጓዱ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ፍሬድሪክንና ላውደንን ተመልከት። ቀዩ (ከባዱ ዝናብ) በፍጥነት የሚያልፍ ከሆነ ነፋሱና መብረቁ ነው የሚያሰጋው። ለቤዝመንት ክፉው ቆሞ የሚያዘንበው ነው፤ ወይም አንዱ ሲያልፍ ሌላው እንደ ባቡር ፉርጎ ተከትሎ በዚያው ሰፈር ላይ የሚወርደው። ሁለተኛው ፉርጎ ሲመጣ ካየህ ዋርኒንግ አትጠብቅ፣ ደውል። ምስሉ በደቂቃዎች የዘገየ መሆኑንም አስብ።

ወደ ሥራ ከመውጣትህ በፊት ደግሞ ኮሌጅ ፓርክ ያለው የአየር ትንበያ ማዕከል የሚያወጣውን የከባድ ዝናብ ካርታ እይ። ከዝቅተኛው ጀምሮ አራት ደረጃ አለው። ሁለተኛው ላይ ከደረሰ እኔ የዚያን ቀን ፕሮግራሜን እቀይራለሁ። ስላይጎ ክሪክና ሮክ ክሪክ የሚባሉት ወንዞች ላይም የውሃውን ከፍታ በየጊዜው በኢንተርኔት የሚያሳዩ መለኪያዎች አሉ፤ መስመሩ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ታየዋለህ።

መልስ 4 (ኡበር ሠሪ)

ይህን ሁሉ ምን አስፈለገ? አፑ ላይ የሚቀጥለውን ሰዓት ዝናብ የሚያሳይ አለ፣ እኔ በሱ ነው የምሄደው።

መልስ 3 (በድጋሚ)

ወንድሜ፣ እሱ ግምት ነው። አሁን ያለውን ደመና ወደፊት ይገፋዋል እንጂ እዚያው ሰፈርህ ላይ አዲስ የሚወለደውን ብዙ ጊዜ አያይልህም። ጁላይ 8 ቀን 2019 ጠዋት ሬገን ኤርፖርት ላይ በአንድ ሰዓት ብቻ 3.3 ኢንች ዘነበ፤ 84 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ካናል ሮድ ላይ ሰዎች ከመኪናቸው ጣሪያ በጀልባ ተነሡ። የሰው ሕይወት ያለበትን ነገር በግምት ላይ አትጣሉ።

መልስ 2 (እህት፣ ሮክቪል)

ስለ እናትህ ልጨምር። ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ራሱ የሚጮኽ የአየር ሁኔታ ራዲዮ ግዛላቸው፣ በ30 እና በ50 ዶላር መካከል ታገኛለህ። ስልክም ኢንተርኔትም አይፈልግም፣ መብራት ቢጠፋ በባትሪ ይሠራል። ለዲሲ አካባቢ ጣቢያው 162.550 ሜጋኸርዝ ነው፤ የሞንትጎመሪ ካውንቲን ኮድ 024031 አስገባበት፣ ያለዚያ ለሩቅ ካውንቲ ሁሉ እየጮኸ ያሰለቻቸዋል። ከቻልክ ዋቾቹን አጥፋቸው፤ ለዋርኒንግ ብቻ ይጩኽ። ያን ጊዜ እንግሊዝኛውን መስማት አያስፈልጋቸውም፣ ድምፁን ማወቅ ይበቃቸዋል።

መልስ 5 (አባት፣ ዊተን)

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ራዲዮው ለቶርኔዶም ይጮኻል፣ ያኔ ደግሞ ቤዝመንት ነው ደህናው ቦታ። ስለዚህ እናታችን ድምፁን ሲሰሙ መጀመሪያ ፎቅ ላይ ላለው የቤቱ ባለቤት ይደውሉ፣ እሱ ይንገራቸው። በሩ ሥር ውሃ ካዩ ግን የማንንም መልስ ሳይጠብቁ ልጁን ይዘው ወደ ላይ ይውጡ። አልጋ ላይ መውጣት መዳን አይደለም። ውጭ ያለው ውሃ ከፍ ካለ በሩን ገፍቶ መክፈት አይቻልም፤ ውሃውም ሶኬት ጋ ይደርሳል። ሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 የአይዳ ማዕበል ቅሪት ሲያልፍ ሮክቪል ውስጥ ጎርፉ ሊነጋጋ ሲል ነው አፓርታማዎቹ ውስጥ የገባው፤ አንድ የ19 ዓመት ልጅ ሞቶብናል። የውጭ ደረጃው ሥር ያለውን ቅጠል ደግሞ ዛሬውኑ አንሣው።

መልስ 1 (የታክሲ ሹፌር)

የመጨረሻዋ ለአንተ ለራስህ ናት። ስልክ ተደውሎልህ ስትደነግጥ በሮክ ክሪክ ዳር የሚሄደውን ቢች ድራይቭን አቋርጬ ልድረስ እንዳትል። 12 ኢንች የሚፈስ ውሃ ትንሽ መኪና ይወስዳል፣ 2 ጫማ ከሆነ አብዛኛውን መኪና። ጎረቤት ደውለህ ላክ፣ ከባሰ 911። አንተ መንገድ ላይ ብትቀር ልጁ ማን አለው?

ጠያቂው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅጠሉን አነሣሁት፣ አለርቱ ላይ እኔም ባለቤቴም ተመዘገብን። ፎቅ ያለችው አከራያችን ወደ ላይ የሚያወጣውን ደረጃ በር ቁልፍ ሰጠችን፣ ሌሊትም ደውሉልኝ አለች። የሷን ቁጥር በትልቁ ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት፤ ከሥሩ በአማርኛ "ከጮኸ ደውይ፣ ውሃ ካየሽ ወደ ላይ ውጪ" ብዬአለሁ። ራዲዮውም ደርሷል። በየሳምንቱ ረቡዕ ከቀትር በፊት ሙከራ ይለቀቃል ብለውኛል፤ ነገ እማዬ ድምፁን ስትሰማ ልጁን ይዛ እስከ ላይ ድረስ እንድትወጣ አብሬያት እለማመዳለሁ።