«ለገደሉብኝም ጸልዩልኝ» በሚለው ውስጥ «ልኝ» የማን ናት?

ጠያቂዋ፣ ከደሴ

የተከበራችሁ የቋንቋ ወዳጆች፣ ባለፈው ሳምንት ሆጤ አካባቢ በአንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ ከሟቹ እናት አፍ የወጣ አንድ ዐረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም። ልጃቸው እንጀራ ፍለጋ በሄደበት አገር በሃይማኖቱ ምክንያት ተገድሎ፣ አስከሬኑ ሳይመጣ መርዶው ብቻ ነው የደረሳቸው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ፣ ለቅሶው ጥቂት ጋብ ሲል፣ እናቲቱ ቀና ብለው «ልጄን ለገደሉብኝም ጸልዩልኝ» አሉ። እኔ «ጸልዩላቸው» ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። የሚጸለይላቸው ገዳዮቹ ከሆኑ «ልኝ» ከየት መጣች? «ስለ እኔ ጸልዩ» ማለታቸው ከሆነ ደግሞ «ለገደሉብኝ» የሚለው ከምን ጋር ይታሰራል? ጥያቄዬ ይህ ብቻ ነው፤ የሐዘንተኛን ቃል መመርመር ድፍረት እንዳይሆንብኝ ግን እፈራለሁ።

የኮምቦልቻው አናጢ

እኅቴ፣ ድፍረት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ቃል ወድቆ ሊቀር አይገባውም። ሰዋስዉም ቢሆን እንግዳ አይደለም። «እናትህን ሰላም በልልኝ» ስንል ሰላምታው የሚደርሰው ለእናትየው ነው፤ «ልኝ» የምታመለክተው ግን ላኪውን፣ በአካል መድረስ ያልቻለውን ሰው ነው። ስለዚህ እናቲቱ «እኔ አፌ እሺ አላለኝምና በእኔ ፈንታ እናንተ ጸልዩ» ማለታቸው ነው። አማርኛችን ነገሩ ለሰውየው ይሁን በሰውየው ላይ በግሱ ጅራት ይናገራል፤ ፈረደለትና ፈረደበት፣ መሰከረለትና መሰከረበት፣ ዳዊት ደገመለትና ዳዊት ደገመበት በአንዲት ፊደል ይለያያሉ። «ገደሉብኝ» ያለ አፍ በዚያው ትንፋሽ ከ«በ» ወደ «ለ» መሻገሩ ነው እኔን ያስደነቀኝ።

የቅኔ ቤት ተማሪ የነበረው

ሥሩ ሳይታይ ቅጥያው አይፈታም። ጠላ፣ ጠላት፣ ጥል የሚሉት ሁሉ ከግእዙ «ጸልአ» ጋር አንድ ናቸው፤ የግእዙ ጸ በአማርኛ ጠ እንደሚሆን ጸበበ ጠበበ፣ ጸብሐ ጠባ ከመባላቸው ይታወቃል። አሁን «ጸልአ»ን ከ«ጸለየ» አጠገብ አኑሩት፤ መጥላትና መጸለይ በ«አ» እና በ«የ» ብቻ ተለይተው ታገኟቸዋላችሁ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ቁጥር 44 «አፍቅሩ ጸላእተክሙ» (ጠላቶቻችሁን ውደዱ) ብሎ ከዚያው አያይዞ «ጸልዩ» ማለቱ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። ጸሎት ማለት መንገዱን ያቀና ጥላቻ ነው ብዬ እይዛለሁ፤ ሰባት ዓመት ቅኔ ቤት የተቀመጠ ሰው ይህን ሲሰማ ምሥጢሩ አይሰወረውም።

የሸዋበሩ የዐረብኛ መምህር

ወንድሜ፣ ትምህርትዎን አከብራለሁ፤ ነገር ግን የድምፅ መመሳሰል ዝምድና አይደለም። የእናንተ ጸሎት የእኛው ሶላት ነው፤ በሶርያ ቋንቋም «ጽሎታ» ይባላል፣ እዚያም ያው ግንድ ማዘንበልን፣ ጎንበስ ማለትን ይናገራል። ጸልአ ከዚህ ቤት አይቆጠርም። ከዚህም በላይ ወንጌሉ በተጻፈበት በጽርእ፣ በግሪክ ቋንቋ፣ ጠላት «ኤክትሮስ»፣ መጸለይ ደግሞ «ፕሮስኤውኮማይ» ስለሆኑ እርስዎ ያዩት መመሳሰል እዚያ የለም፤ በግእዝ ትርጉም ብቻ የተገኘ ነው።

በ«ለ» እና በ«በ» ላይ ግን የኮምቦልቻው ወንድማችን የተናገረው እኔን በግል ነክቶኛል። በ2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶች ሲቃጠሉ እጄን ለዱዓ ዘርግቼ ከአፌ የሚወጣው «ባቸው» ብቻ ነበር፤ «አውርድባቸው፣ አምጣባቸው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አጥቼ ብዙ ሌሊት አሳልፌአለሁ። የመለሰኝ ቡኻሪ የዘገቡት አንድ ሐዲስ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከእርሳቸው በፊት ስለነበረ አንድ ነቢይ ሲናገሩ፣ ሕዝቦቹ ደብድበው አድምተውት ሳለ ደሙን ከፊቱ እየጠረገ «አላህ ሆይ፣ ሕዝቦቼን ማርልኝ፣ አያውቁምና» ይል እንደነበር ነገሩን። ዐረብኛው «ሊቀውሚ» ይላል፤ «ሊ» የእኛዋ «ለ» ስትሆን መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ኢ» «የእኔ» ማለት ናት። ደሙ ሳይደርቅ «የእኔ ሕዝብ» ብሏቸዋል። የእናቲቱ «ልኝ» ለእኔ አናጢው ከጠቀሰው የላኪ «ልኝ» ይልቅ ለዚህች «የእኔ» የቀረበች ትመስለኛለች።

የቅኔ ቤት ተማሪ የነበረው

ጽርእ ጠቅሰው ስላቆሙኝ በሥሩ ላይ አልሟገትም፤ «ጸለየ» በ«ቀደሰ» የእርባታ ቤት እንደሚሄድና «ጸልአ» ከዚያ እንደማይገባም ራሴ አውቀዋለሁ። ሆኖም ግእዙን የተረጎሙት አባቶች ጆሮ አልነበራቸውም ማለት አይቻልም፤ ቃሉን ሲያስቀምጡ መመሳሰሉን ሰምተውታል እላለሁ። በነገራችን ላይ የግስ ተማሪ በመጀመሪያ የሚያጠናው አርእስተ ግስ (የሌሎች ግሶች እርባታ መሪ) «ቀተለ፣ ገደለ» መሆኑን፣ «ቀደሰ» ተከትሎት እንደሚመጣ ሁልጊዜ አስበዋለሁ።

አናጢው «በ» ለክፉ፣ «ለ» ለደግ ብሎ የከፈለው ግን መታረም አለበት። እስጢፋኖስ በድንጋይ እየተወገረ የጸለየው «ይህን ኃጢአት አትቁጠርባቸው» ብሎ ነው፤ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 7 ቁጥር 60ን ይመልከቱ። «ባቸው»ን አልሸሸም፤ በ«አት…» አሰራት እንጂ። በየካቲት 2007 ዓ.ም. በሊቢያ የባሕር ዳርቻ የታረዱት 20 ግብፃውያንና አንድ ጋናዊ የሞቱበት ምስል በተሰራጨ ጊዜ፣ ከሟቾቹ የሁለቱ ወንድም በቴሌቪዥን ተጠይቆ እግዚአብሔር የገዳዮቹን ዓይን እንዲከፍትላቸው መለመኑ ተሰምቶ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ የእኛው ልጆች በዚያው ምድር በዚያው እጅ ሲገደሉ ይህን ጸሎት ለመድገም የደፈረ አፍ ምን ያህል እንደከበደው በዚያ ሰሞን ለቅሶ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ እናቲቱ «ጸልዩልኝ» ሲሉ «ይህን ልጸልይ እንድችል እኔን በጸሎት አግዙኝ» ማለታቸው ሊሆን ይችላል፤ ያኔ «ልኝ» በቀጥታ የራሳቸው ናት።

የኮምቦልቻው አናጢ

እርማትዎን ተቀብያለሁ። እኔ ግን ቀደም ሲል ባለው ቃል፣ በ«ውደዱ» ላይ አንድ ነገር መናገር እፈልጋለሁ። በእኛ ሥራ ሁለት እንጨት ተገጥሞ ክፍተት ሲያጣ «ተዋደደ» እንላለን፤ እስኪዋደድ ድረስም አንዱ ይቦረቦራል፣ ሌላው ይጠረባል። «ጠላቶቻችሁን ውደዱ» የሚለውን በሰማሁ ቁጥር የሚታየኝ መጥረቢያ ነው፤ ደስ መሰኘት አይታየኝም። አያቴ በቃሉ ገጠር ዱዓ የሚደረግበትን ጉባኤ «ወዳጃ» ይሉት ነበር፤ ይህም ከ«ወዳጅ» ሳይወጣ አይቀርም ብዬ አስባለሁ።

ደግሞስ ሁላችን ሳናውቀው ለጠላት ስንጸልይ አልኖርንም? ክፉ በሽታ ወይም ከባድ ሐዘን ባየን ጊዜ «ለጠላትም አይስጥ» እንላለን። ሰጪው እግዚአብሔር ነው፤ የሚለመነውም ጠላት እንዳይጎዳ ነው። ይህ ጸሎት ካልሆነ ምን ይባላል?

የሸዋበሩ የዐረብኛ መምህር

«ወዳጃ»ን ከ«ወዳጅ» ለማውጣት ከድምፅ የተሻለ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ለቅኔ ቤቱ ወንድማችን የተናገርሁትን ለእርስዎም እደግመዋለሁ። ቢሆንም ሐሳብዎ ደስ ብሎኛል፤ ቁርኣን በሱረቱ ፉሲለት አንቀጽ 34 ክፉን በመልካም መልስ፣ ያን ጊዜ ባንተና በእርሱ መካከል ጥል ያለው ሰው እንደ ቅርብ ወዳጅ ይሆናል ሲል፣ ወዳጅ ለሚለው ያስቀመጠው ቃል «ወሊይ» ነው። በወሎ ወሊይ የምንለው ለአላህ ቅርብ ለሆነ ደግ ሰው እንደሆነ ታውቃላችሁ።

«ለጠላትም አይስጥ» ግን የመከራ መስፈሪያ ነው እንጂ ጸሎት አይደለም። ተናጋሪው ጠላቱን አያስብም፤ የሚያስበው የሐዘኑን ክብደት ነው። በልቡ ማንንም ሳያኖር «አይስጥ» ማለቱ ለማን እንደተጸለየ ይቆጠራል?

የቅኔ ቤት ተማሪ የነበረው

በዚህስ አልስማማም። «ትእዛዝ አንቀጽ» ሆኖ ወደ ሰጪው እስከቀረበ ድረስ የተናጋሪው ልብ ባይኖርበትም ቃሉ ልመና ነው። «ም»ንም ዝም ብላችሁ አትለፏት፤ «ለወዳጅ ቀርቶ ለጠላትም» ማለት ናትና ጠላትን ከሚታዘንላቸው ተራ አስገብታዋለች።

ጠያቂዋ፣ ከደሴ

ይቅርታ ይደረግልኝ፣ ይህን የመጨረሻ መልእክት ሳነብ በመጀመሪያ ያልነገርኋችሁ ነገር ትዝ አለኝ። እናቲቱ ያን ቃል ከመሬት ተነሥተው አልተናገሩትም። ከጎናቸው የተቀመጡት ሙስሊም ጎረቤታቸው እጃቸውን ይዘው፣ «እቴዋ፣ ይህን እንኳን ለአንቺ ለጠላትሽም አይስጥ» ብለዋቸው ነበር፤ ቀና ያሉት ያን ሲሰሙ ነው። «ለጠላትሽም» ሲባሉ «ልጄን ለገደሉብኝም» ብለው መለሱ። እኔ ስጽፍላችሁ «ም»ን እንደሰማሁ ጻፍኋት እንጂ አላየኋትም፤ እናንተም እስከ አሁን በ«ልኝ» ላይ ስትከራከሩ አላያችኋትም። ጎረቤታቸው ስም ሳይጠሩ ያለፉትን ጠላት እሳቸው በሥራው ጠሩት፤ ከዚያ «ልኝ»ን ያሉት ለጎረቤታቸው ይሁን፣ ለሁላችን ይሁን፣ አሁንም አልተለየልኝም። አርባው ሲወጣ እዚያው እገኛለሁ፤ እሳቸውን ለመጠየቅ ግን አፍ የለኝም። «ም» እና «ልኝ» በአንድ ላይ እንዲህ የመጡበትን ሌላ አነጋገር የሰማችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ።