ክርክር፦ የመረዳጃ ማኅበራችን ድረ ገጽ ወደ ዎርድፕሬስ ይዛወር?

የመወያያ ሐሳብ፦ እዚህ አሜሪካ ያለው የመረዳጃ ማኅበራችን ድረ ገጽ በእጅ የተጻፉ የኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ ኮድ) ገጾች ስብስብ ነው። ኮሚቴው ወደ ዎርድፕሬስ፣ ማለትም ኮድ ሳይጽፉ በመግቢያ ገጽ ገብተው ድረ ገጽ ወደሚያስተዳድሩበት ፕሮግራም፣ እናዛውረው ይላል። ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ተነጋገሩበት።

ጸሐፊዋ፦ ይዛወር ባይ ነኝ። ባለፈው ዓመት አንድ አባታችን ሲያርፉ የቀብሩ ሰዓትና ቦታ ድረ ገጹ ላይ የወጣው ከቀብሩ በኋላ ነበር። ፋይሉን አስተካክሎ ሰርቨሩ (ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር) ላይ የሚጭነው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን፣ እሱም በዚያ ሰሞን አገር ቤት ነበር። ለለቅሶ የተቋቋመ ማኅበር መርዶ በወቅቱ ማሰማት ካቃተው ድረ ገጹ ምን ይሠራለታል?

ገጹን የሠራው አባል፦ ያልሽው እውነት ነው እኅቴ፤ መድኃኒቱ ግን ዎርድፕሬስ አይደለም። አሁን ያሉት ገጾች ተጭነው የተቀመጡ ፋይሎች ናቸው፤ እንደ ዎርድፕሬስ ጽሑፉ የሚከማችበት ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) የላቸውም፣ በመግቢያ ገጽ በኩል የሚሰረቅ የይለፍ ቃልም የለባቸውም። እ.ኤ.አ. በ2014 ድሩፓል በተባለው፣ እንደ ዎርድፕሬስ ባለ ሌላ ፕሮግራም ላይ የደኅንነት ክፍተት በተገኘ ጊዜ፣ ማስተካከያው በወጣ በ7 ሰዓት ውስጥ ያልጫነ ሁሉ ገጹ እንደተጠለፈ ይቁጠር ብሎ ያስጠነቀቀው የድሩፓል የራሱ የደኅንነት ቡድን ነው። ከእኛ መካከል በ7 ሰዓት ይቅርና በ7 ወር የሚጭን ማን ነው?

ገንዘብ ያዡ፦ ዎርድፕሬስ በነፃ ይገኛል ተብሏል። የሚጠብቀው ሰው ግን በነፃ አይገኝም። ይኸው ነው የእኔ ነገር።

አንድ የሙያው ሰው፦ እኔ የምደግፈው ቢሆንም ማንም ያላነሳው ጣጣ አለ። የቆዩት ገጾቻችን ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል ሁሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው የጋራ የኮምፒውተር ሥርዓት) ከመለመዱ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ናቸው። ለዓይን አማርኛ ቢመስሉም ኮምፒውተሩ የሚያውቃቸው የላቲን ፊደልና ምልክት አድርጎ ነው። እንዳሉ ዳታቤዝ ውስጥ ከከተትናቸው የሟቾችን ስም የሚፈልግ ሰው አንዱንም አያገኝም። መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ይቀየሩ፤ ከዚያም ስሞቹን ቤተሰብ ያርማቸው፤ መቀየሪያው ፕሮግራም አንዳንድ ፊደል መሳቱ አይቀርም።

ሌላው የገጾቹ አድራሻ ነው። ዎርድፕሬስ አድራሻውን ከርዕሱ ይሠራል። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ዩኒኮድ በኮምፒውተር በሚቀመጥበት አጻጻፍ) ሦስት ባይት ነው፤ እያንዳንዱ ባይት ደግሞ በአድራሻ ውስጥ በሦስት ምልክት፣ ማለትም በመቶኛ ምልክትና በሁለት ተከታይ ምልክቶች ይጻፋል። ስለዚህ አንዷ ፊደል ዘጠኝ ቦታ ትይዛለች። የተመደበው ቦታ 200 ስለሆነ ከ22 ፊደል ገደማ በኋላ ይቆረጣል። ርዕሱ ረጅም የሆነ የቀብር ማስታወቂያ ሊንክ በቴሌግራም ሲላክ የመቶኛ ምልክት ሰልፍ ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። አጭር የላቲን አድራሻ በእጅ መስጠት ይሻላል። አሮጌዎቹ አድራሻዎችም በቋሚነት ወደ አዲሶቹ ይመሩ፤ አለበለዚያ ሰው ያስቀመጠው ሊንክ ሁሉ ባዶ ገጽ ላይ ይጥለዋል።

ገጹን የሠራው አባል፦ ይህን ሁሉ ከምንለፋ ሁጎ የሚባለውን፣ ያለ ዳታቤዝ ቋሚ ገጾችን የሚያወጣ ፕሮግራም እንጠቀም። ጽሑፉን ብቻ ትጽፋላችሁ፤ ቋሚውን ገጽ ፕሮግራሙ ያወጣዋል።

ጸሐፊዋ፦ ወንድሜ፣ ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል? አንተው ነህ! እኔ የምፈልገው ስም፣ ሰዓትና የቤተ ክርስቲያኑን አድራሻ ሞልቼ ከስልኬ የምልክበት ነገር ነው፤ ሌሊትም ቢሆን። መርዶ በሥራ ሰዓት ብቻ አይመጣም።

የሙያው ሰው፦ እዚህ ላይ ከእኅታችን ጋር ነኝ። ዎርድፕሬስ አነስተኛ የደኅንነት ማስተካከያዎችን ራሱ መጫን ከጀመረ ቆይቷል፤ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። አብዛኛውን ጊዜ በር የሚከፍቱት ከየትም የሚለቀሙት ፕለጊኖች (ተጨማሪ መገጣጠሚያ ፕሮግራሞች) ናቸው፤ እነሱን ካላበዛን ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እንችላለን። የአባላት ስልክና የመዋጮ መዝገብ ግን እዚያ ሰርቨር ላይ ፈጽሞ አይግባ።

ገንዘብ ያዡ፦ መዝገቡስ ከእኔ እጅ አይወጣም፤ አትስጉ።

ገጹን የሠራው አባል፦ ጋሼ፣ በእርስዎ አልሰጋም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የዕድሳቱና የመጠባበቂያ ቅጂው ኃላፊ የሚሆኑ ሁለት ሰዎች ስማቸው ከድምፅ መስጫው በፊት በቃለ ጉባኤ ይስፈር። ፈቃደኛ ከጠፋ ድምፄ ተቃውሞ ነው።

ጸሐፊዋ፦ የመጀመሪያው ስም የእኔ ይሁን። ሁለተኛውን አምጡ።