የሊዝ ማራዘሚያ በጋራ፦ ለእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ በሚቀርበው ሐሳብ ላይ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ለንደን ከካውንስል (ከአካባቢው አስተዳደር) የተገዛ ፍላት ያለን አባላት ሊዛችንን፣ ማለትም ቤቱን ለተወሰነ ዓመት የያዝንበትን ውል፣ በጋራ ብናራዝም ተብሎ ነበር። ለጉባኤው የሚቀርበውን ሐሳብ እዚሁ እናርቅቀው። መነሻ ይሁን፦ አንድ ሶሊሲተር (የሕግ ባለሙያ) እና አንድ ሰርቬየር (የቤት ዋጋ ገማች) ይዘን በብዛታችን ዋጋ እንከራከር፤ ገንዘቡን በእቁብ እናሰባስብ። ቀኖቹን በፈረንጅ ጻፉ፣ እንዳንምታታ።

የፔክሃም አባል፦ እኔ ምን አስቸኮለን ባይ ነኝ። የ2024ቱ የሊዝ ሕግ የ90 ዓመቱን ማራዘሚያ 990 ያደርገዋል፣ ማሬጅ ቫልዩ የሚባለውን ተጨማሪ ክፍያም ያስቀራል። ፍሪሆልደሮቹ (የሕንፃዎቹ ባለቤቶች) ሕጉን ተቃውመው ከስሰው በኦክቶበር 2025 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ውድቅ አደረገባቸው። ዛሬ ከፍለን ነገ ልንቆጭ ነው?

ሂሳብ ያዥ፦ ወንድሜ፣ ሕጉ ይጽደቅ እንጂ ያልካቸው ሁለቱ ነገሮች ገና ሥራ ላይ አልዋሉም። የተቃለለልን፣ ለማራዘም ሁለት ዓመት በባለቤትነት መቆየት ያስፈልግ የነበረው ነው፤ እሱ ከጃንዋሪ 31 ቀን 2025 ጀምሮ ቀርቷል። መቶ ምናምን ዓመት የቀረው ሰው ተኝቶ ይጠብቅ። ወደ 80 የተጠጋው ግን አይችልም። ከ80 በላይ እያለ ካመለከተ ማሬጅ ቫልዩ የሚባል አይኖርም። 80 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ግን፣ ሊዙ በመርዘሙ የሚገኘው ትርፍ ተሰልቶ ግማሹ ለፍሪሆልደሩ ይሄዳል። እንግዲህ ትርፉ 20,000 ፓውንድ ነው ከተባለ፣ 10,000ው በሌላው ሂሳብ ላይ ይደመራል ማለት ነው።

እትዬ ከብሪክስተን፦ እኔን ተዉኝ ልጆቼ። ቤቴን በ1998 ነው የገዛሁት፣ 125 ዓመት ተብሏል። ገና 97 አለኝ።

ሂሳብ ያዥ፦ እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ወረቀቱን ይዩት። ካውንስል አንድ ሕንፃ ላይ መጀመሪያ የተሸጠው ቤት ሊዝ በሚያልቅበት ቀን የሌሎቹም እንዲያልቅ አድርጎ የሚጽፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ዘግይቶ የገዛ ሰው ሙሉ 125 ላያገኝ ይችላል። ወረቀቱ ከጠፋ ከላንድ ሬጂስትሪ (ከመንግሥት የመሬት መዝገብ ቤት) ድረ ገጽ በ7 ፓውንድ የባለቤትነት መዝገቡ ይወጣል።

እትዬ ከብሪክስተን፦ ልጄ አወጣችልኝ። «እስከ 13 ሴፕቴምበር 2106» ይላል። ታች ያለችው ጎረቤቴ ናት በ1981 የገዛችው። በእሷ ቀን ነው እንዴ የምኖረው?

ሂሳብ ያዥ፦ አዎ እትዬ። በ2026 ሴፕቴምበር ላይ ሊዝዎ የሚቀረው 80 ዓመት ይሆናል። የሴክሽን 42 ኖቲስ፣ ማለትም ሊዙ ይራዘምልኝ የሚለው ሕጋዊ ማመልከቻ፣ ከዚያ በፊት ለካውንስሉ ከደረሰ ግን ሂሳቡ ኖቲሱ በተሰጠበት ቀን ይቆማል፤ ድርድሩ ዓመት ቢፈጅ እንኳ ቀኑ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ለእርስዎ የሚያስቸግረው ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን ቀኑም ነው።

የሃክኒ አባል፦ ታዲያ እቁቡ በዕጣ ከሆነ እትዬ በሦስተኛው ዓመት ቢወጣላቸው ምን ይጠቅማቸዋል? ዕጣው ይቅርና በቀረው ዓመት ልክ ተራ ይያዝ።

የፔክሃም አባል፦ ዕጣ የሌለው እቁብ እቁብ ነው? ደግሞም የሊዜንና የሞርጌጄን ነገር እድሩ ፊት አላነብም።

የሃክኒ አባል፦ ማን አንብብ አለህ። የሊዙን ማለቂያ ቀን ብቻ ለእቁቡ ዳኛ በግል ስጥ። ተራን ለቸገረው መልቀቅ ደግሞ በእቁብ የኖረ ነገር ነው።

ሰብሳቢ፦ ሁለቱን እናስታርቅ። ከ83 ዓመት በታች የቀራቸው ያለ ዕጣ በቅደም ተከተል ይውሰዱ፣ ሌላው በዕጣ። ቀድሞ የወሰደ ግን ሁለት ዋስ ይጥራ፤ በዚህ ቀልድ የለም። ሌላም ልጨምር፦ የካውንስሉን ሶሊሲተርና ሰርቬየር ተገቢ ወጪ ዛሬም የምንከፍለው እኛ ነን። ኖቲስ ሰጥቶ የተወ ሰው ይህንኑ ከፍሎ እንደገና ለመስጠት 12 ወር ይጠብቃል። «ለሙከራ» ኖቲስ የሚባል ነገር አይኖርም።

የሃክኒ አባል፦ ሕንፃውን ራሱን ብንገዛስ?

ሰብሳቢ፦ በተለያየ ሕንፃ ነው ያለነው። ደግሞ ከሕንፃው ቤቶች ሁለት ሦስተኛው የረጅም ሊዝ ባለቤቶች እጅ መሆን አለበት። የእኔ ብሎክ ግማሹ የካውንስል ተከራይ ነው። እንርሳው።

የፔክሃም አባል፦ ካውንስሉ ከሕጉ ውጪ «በስምምነት እናራዝምልህ» ቢልስ? ፈጣን ነው ይባላል።

ሂሳብ ያዥ፦ ሊፈጥን ይችላል፣ ግን የሰጡህን ነው የምትወስደው። በሕጉ መንገድ 90 ዓመቱ በቀረው ላይ ይደመራል፣ ግራውንድ ሬንት (የመሬቱ ኪራይ) ዜሮ ይሆናል፣ በዋጋ ካልተስማማን የሚወስን ትሪቡናል አለ። ካውንስሉ መልስ መስጫ ቢያንስ ሁለት ወር ይሰጠዋል፤ በቀኑ ካልመለሰ በጠየቅነው ዋጋ እንዲፈጸም ፍርድ ቤት መጠየቅ እንችላለን። ለዚያም ነው የምንጽፈው ዋጋ በሰርቬየር የተሠራ መሆን ያለበት፤ ለይስሙላ አንድ ፓውንድ ብሎ መጻፍ ኖቲሱን ራሱን ያበላሻል።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ ረቂቁ ላይ የማሰፍረው፦ ሁሉም ማለቂያ ቀኑን ለዳኛው ይሰጣል፤ ሦስት ሶሊሲተሮችን ዋጋ እንጠይቃለን፤ ከ83 በታች ያሉት ይቀድማሉ፣ በዋስ። ከዚያ በፊት በነፃ ለማማከር የሊዝሆልድ አድቫይዘሪ ሰርቪስ ጋ ቀጠሮ እይዛለሁ። የእትዬ ጉዳይ ጉባኤውን አይጠብቅም፤ የሃክኒው ወንድማችን ነገ መዝገቡን ይዘህ ሶሊሲተር ጋ አብረሃቸው ሂድ። የወር መዋጮው ልክ ገና አልተስማማንበትም፣ አስተያየታችሁን እስከ እሁድ ጻፉ።

የፔክሃም አባል፦ ከ200 ፓውንድ በላይ ከሆነ እኔ የለሁበትም።