ክርክር፦ የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ግማሹ ለተግባር ሙከራ ይሰጥ?

አወያይ፦ መነሻ ሐሳባችን ይህ ነው፦ «በታችኛው ክፍል የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ግማሹ ተማሪዎች በእጃቸው ለሚሠሩት ሙከራ እንዲውል በመመሪያ ይደንገግ።» የምትደግፉም የምትቃወሙም ምክንያታችሁን አቅርቡ።

የፊዚክስ መምህር፦ እቃወማለሁ። ለጀማሪ ተማሪ ዕቃ አቅርቦ «ራስህ ድረስበት» ማለት ያስተማሩ ያስመስላል እንጂ አያስተምርም። ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያቀረቡት መከራከሪያ ዛሬም ያሳምነኛል። አእምሮ በአንድ ጊዜ ይዞ ሊያስብበት የሚችለው ነገር ጥቂት ነው፤ ዕቃ መገጣጠሙና ትእዛዝ መከተሉ ያንን ቦታ ከያዙት ለጽንሰ ሐሳቡ የሚተርፍ የለም።

የሻማውን ሙከራ ውሰዱ። ሻማ ውኃ ባለበት ሰሃን ላይ ይቆማል፣ ይለኮሳል፣ ብርጭቆ ይደፋበታል። ነበልባሉ ይጠፋል፤ ውኃው ወደ ብርጭቆው ይወጣል። ልጆቹ ያጨበጭባሉ፤ ከዚያ «ሻማው ኦክስጅኑን ስለ ጨረሰ ውኃው ቦታውን ያዘ» ተብሎ ደብተር ላይ ይጻፋል። አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን 21 በመቶ ገደማ መሆኑም እንደ ማረጋገጫ ይጠቀሳል። ስሕተት ነው! ነበልባሉ የሚጠፋው ኦክስጅኑ ገና ሳያልቅ ነው። ውኃው በዋናነት የሚወጣው፣ ሞቆ የነበረው አየር ሲቀዘቅዝ የውስጡ ግፊት ስለሚቀንስና የውጪው አየር ውኃውን ስለሚገፋው ነው። ልጅ በዓይኑ አይቶ ያመነውን ስሕተት ማስተው ደግሞ እጅግ ከባድ ነው።

የአራተኛ ክፍል መምህርት፦ መምህር፣ የጠቀሱት ሙከራ ለእኔ ወገን ይመሰክራል። ስሕተቱ የመጣው ሙከራው በጭብጨባ ስላበቃ ነው። እኔ ክፍል ውስጥ ብርጭቆው ከመደፋቱ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ ግምቱን ይጽፋል። ከዚያ «ውኃው የወጣው መቼ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ምክንያቱ የኦክስጅኑ ማለቅ ቢሆን ኖሮ ሻማው በሚነድበት ጊዜ ሁሉ ውኃው ቀስ በቀስ ይወጣ ነበር። ደግመው ሲያዩት ግን አብዛኛው የሚወጣው ነበልባሉ ሲደክምና ከጠፋ በኋላ ነው። ቀጥሎ በዚያው ብርጭቆ ሥር ሦስት ሻማ እናቆማለን። ብርጭቆው ያው ነው፣ ኦክስጅኑም ከበፊቱ አይበልጥም፤ ውኃው ግን ከፍ ብሎ ይወጣል። «እንግዲያው ኦክስጅኑ አይደለም» የሚለው ቃል ያን ጊዜ ከተማሪ አፍ ይሰማል። በብርጭቆው ጠርዝ ሥር አረፋ ሲያመልጥ ያየ ልጅ ካለ ደግሞ ማብራሪያው ግማሽ መንገድ ሄዷል፤ የሞቀ አየር ሰፍቶ ሲወጣ አይቷልና።

የፊዚክስ መምህር፦ የሦስቱ ሻማ ሐሳብ ግሩም ነው። ነገር ግን ሐሳቡን ያመጣው ተማሪው አይደለም፤ እርስዎ ነዎት።

የአራተኛ ክፍል መምህርት፦ አዎ፣ እኔ ነኝ፤ የተቀጠርኩትም ለዚህ ነው። መምህር የማይመራው ሙከራ ይኑር ያለ ማን ነው? ለ2006ቱ ጽሑፍ በዓመቱ ህሜሎ-ሲልቨር የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ የሰጡት መልስ ይኸው ነበር፤ በጥያቄ ላይ የተመሠረተ ትምህርት በደንብ ሲሠራ ድጋፍ የበዛበት ነው እንጂ ልጅን ሜዳ ላይ ጥሎ መሄድ አይደለም።

የቤተ ሙከራ ባለሙያ፦ ስለ ዕቃው ልናገር። «መሣሪያ የለንም» የሚባለው ብዙ ጊዜ ሰበብ ነው። ክር፣ ብሎንና ሰዓት ካሉ ፔንዱለም፣ ማለትም ተንጠልጥሎ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ክብደት፣ ይሠራል። ተማሪዎች ብሎን ሲጨመርበት ይፈጥናል ብለው ይገምታሉ፤ አይፈጥንም። ርዝመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ሄዶ ለመመለስ 1 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ጊዜውን ወደ 2 ሴኮንድ ለማሳደግ ክሩን 50 ያደርጉታል፤ አይደርስም፤ 1 ሜትር ያስፈልጋል። አንዱን ምልልስ ብቻ መለካት ስለሚያሳስት 20 ምልልስ ቆጥረው ያካፍላሉ። ስለ ልኬት ስሕተት ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። በየቡድኑ ክሩን የሚይዘው ሁልጊዜ ያው ልጅ ነው፤ ጸሐፊ የምትደረገው ደግሞ ሴት ልጅ ናት። የሥራ ድርሻው በየዙሩ ካልተቀያየረ ግማሹ ክፍል ተመልካች ሆኖ ይቀራል።

የሶፍትዌር ባለሙያ፦ ኮምፒውተር ባለበትስ? የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው «ፌት» የተባለ ምናባዊ ቤተ ሙከራ በነፃ ይገኛል። በሽቦ ውስጥ የኤሌክትሮን ጉዞ በዓይን አይታይም፤ እዚያ ግን ይታያል።

የቤተ ሙከራ ባለሙያ፦ ለማይታየው ነገር እስማማለሁ። የሚታየውንና የሚዳሰሰውን ግን በስክሪን አይተኩብን። ስክሪን ላይ ሽቦ አይላላም፣ ባትሪም ሳይታሰብ አይደክም፤ ልጅ አምፖሉ ለምን እንዳልበራ አንድ በአንድ እየፈተሸ ምክንያት መፈለግን የሚማረው ግን እውነተኛው ሽቦ ሲላላና ባትሪው ሲደክም ነው።

የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እናት፦ እኔ መምህር አይደለሁም። ልጄ ሙከራ የሠራች ቀን እራት እስኪቀርብ ድረስ አፏን አትዘጋም። ፈተና ሲደርስ ግን ትርጓሜ ስትሸመድድ ታመሻለች፤ የምትጠየቀው እሱን ነዋ! ፈተናው ካልተለወጠ ይህ ግማሽ የምትሉት ሰዓት ለእሷ ምን ይረባታል?

የፊዚክስ መምህር፦ እናታችን ዋናውን ነገር ነኩት። ኮታ ሲደነገግ የሚሆነውን አውቃለሁ። ሰዓቱን ለመሙላት ሶዳና ኮምጣጤ ተቀላቅሎ «እሳተ ገሞራ» ይፈነዳል፤ እውነተኛው እሳተ ገሞራ ግን በእንዲህ ዓይነት ድብልቅ አይፈነዳም። ሪፖርቱ ግን «ሙከራ ተሠርቷል» ይላል። ከሰዓቱ ይልቅ ፈተናው ላይ ይጻፍልኝ፦ ተማሪው የልኬት ሠንጠረዥ ይሰጠው፣ ከሠንጠረዡ ምን ማለት እንደሚቻልና እንደማይቻል ይጠየቅ። ያን ጊዜ ማንም ሳያስገድደኝ ክሩንና ብሎኑን ይዤ እገባለሁ።

የአራተኛ ክፍል መምህርት፦ የፈተናውን ሐሳብ በሙሉ ልብ እቀበላለሁ። ሰዓቱን ግን አልለቅም። እርስዎ ይገቡ ይሆናል። ምዕራፍ አልሸፈንሽም ተብላ የምትገመገም ጀማሪ መምህርት ግን መመሪያ ላይ የተጻፈ ሰዓት ከሌላት ሻማውን አትለኩስም። ግማሽ በዛ ካሉ አንድ ሦስተኛ ይሁን፤ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜም የመዘጋጃ ሰዓት ሆኖ ይጻፍላት።

አወያይ፦ እንግዲያው የመነሻው ሐሳብ ተሻሽሎ ቀርቧል፦ አንድ ሦስተኛ፣ ከመዘጋጃ ሰዓትና ከፈተና ለውጥ ጋር። የፊዚክስ መምህሩ በዚህ ላይ ምን ይላሉ?

የፊዚክስ መምህር፦ ፈተናው ቀድሞ ከተለወጠ እደግፋለሁ። ካልተለወጠ ተቃውሞዬ እንዳለ ይመዝገብ።