የድሮዎቹን የምድር ባቡር ጣቢያዎች ለአውደ ርዕይ ስንመዘግብ ምን እናካትት?

ጥያቄ (የአውደ ርዕዩ አስተባባሪ)

የተከበራችሁ አባላት፣ ሰዓሊዎችና ፎቶ አንሺዎች የተሰባሰብንበት አነስተኛ ቡድን ከለገሐር እስከ ድሬዳዋ ያሉትን የድሮ የምድር ባቡር ጣቢያዎች በሥዕልና በፎቶግራፍ መዝግቦ በመጪው ዓመት አውደ ርዕይ ለማቅረብ እየተዘጋጀ ነው። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ በመንገዱ ላይ ብዙ ከተሞች የተቆረቆሩት በእሱ ምክንያት ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር ግን የሃዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር በመሆኑና የድሮው አንድ ሜትር ብቻ በመሆኑ፣ ጣቢያዎቹም ከከተሞቹ ወጣ ብለው በመሠራታቸው፣ አሮጌዎቹ ሕንጻዎች ወደ ሥራ የሚመለሱበት መንገድ አልተገኘም።

የሚያሳስበን ነገር አለ። የተላጠ ግድግዳና የዛገ ቆርቆሮ ለዓይን ያምራል፤ ተመልካችም ይወደዋል። ነገር ግን ከዓመታት በኋላ አንድ የጥገና ባለሙያ ሥራችንን ቢያገኘው የሚጠቀምበት ነገር እንዲኖረው እንፈልጋለን። ለዚህ ምን ማድረግ አለብን?

መልስ (በቅርስ ጥገና ላይ የምሠራ አርክቴክት)

ጥያቄውን በዚህ መልክ ማንሳታችሁ አስደስቶኛል፤ ብዙዎች ይህን የሚያስቡት ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ ነውና። ከሁሉ አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ለማጥናት ከሚመለከተው ባለሥልጣን የጽሑፍ ፈቃድ መያዝ ግዴታ ነው፤ ከዚያ በተጨማሪ የሕንጻውን ባለቤት ደብዳቤ ያዙ። በውስጡ የቀረ መብራት፣ ደወል ወይም የትኬት ቁራጭ ካገኛችሁም ባለበት ሥዕሉት እንጂ አታንሱት።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ እያንዳንዱ ሥዕልና ፎቶ የተሠራበት ቀን፣ ሰዓት፣ የቆማችሁበት ቦታና የምትመለከቱበት አቅጣጫ ይጻፍበት። የክፍሎቹን ርዝመትና ስፋት ስትለኩ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያለውንም ሰያፍ ልኬት ውሰዱ፤ አሮጌ ሕንጻ ቀጥ ያለ መስሎ ብዙ ጊዜ ዘንበል ያለ በመሆኑ፣ ያለ ሰያፉ ልኬት የሚሣለው ፕላን ውሸት ይሆናል። ሙሉ ሕንጻውን በ1፡50 (በወረቀቱ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር በሕንጻው ላይ 50 ሴንቲ ሜትር ሲሆን)፣ የበሩን ጉበንና የመስኮቱን ብረት ደግሞ በ1፡5 ብትሥሉት ለጠጋኝ ይበቃዋል። በፎቶው ውስጥ ደግሞ ልኬት የተጻፈበት ዘንግ አቁሙ።

ለሰዓሊዎች የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። በሃዲድ ጎን ላይ ብዙ ጊዜ ያመረተው ፋብሪካ ስምና የተመረተበት ዓመት በጎላ ፊደል ታትሞ ይገኛል። ስስ ወረቀት አልብሳችሁ በከሰል ብታሹት ጽሑፉ በትክክለኛ መጠኑ ይወጣል። በአንድ በኩል የሥዕል ሥራ ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ ያ ሃዲድ መቼ እንደተመረተ የሚናገር ማስረጃ ነው። እኔ ብሆን ከየጣቢያው አንድ አንድ ወስጄ በተርታ እሰቅላቸው ነበር።

መልስ (የከዚራ ልጅ)

የተወለድኩት ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ከምድር ባቡር ሠራተኛ ቤተሰብ ነው። ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ቢሆንም ሰው የሌለበት መዝገብ እንዳይሆን እሰጋለሁ። መስመሩ መጀመሪያ የታሰበው ወደ ሐረር ነበር፤ ተራራው ስላስቸገረ ባቡሩ ከታች ቀረ፤ ድሬዳዋም በዚያው ተቆረቆረች። የከዚራን ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ የጥላ ዛፎቹን፣ የሠራተኛ ቤቶቹንና የጥገና ጋራዡን ትታችሁ የጣቢያውን ሕንጻ ብቻ ብትሥሉ የታሪኩን ግማሽ እንኳ አላገኛችሁትም።

ጡረታ የወጡ ሜካኒኮች፣ ሹፌሮችና የትኬት ሠራተኞች ዛሬም አሉ፤ ዕድሜያቸው ግን ገፍቷል። ስለዚህ ከሕንጻው በፊት እነሱን አነጋግሩ። ቤታቸው ሄዳችሁ ከመጠየቅ ይልቅ፣ አቅሙ ካላቸው ወደ ጣቢያው ይዛችኋቸው ሂዱ፤ እዚያ ሲቆሙ የትኛው በር ለማን እንደሚከፈትና ዕቃ የት እንደሚመዘን በእጃቸው እያሳዩ ይነግሯችኋል። ፈረንሳይኛ የተቀላቀለበትን የሙያ ቋንቋቸውን ሳታርሙ እንደ ተናገሩት ጻፉት። ድምፃቸውን ለመቅዳትና በአውደ ርዕዩ ለማሰማት ፈቃዳቸውን መጠየቅም እንዳይረሳ፤ ሲከፈትም በክብር እንግድነት ይጠሩ።

መልስ (ፎቶ አንሺ)

በርንድና ሂላ ቤሸር የተባሉ ጀርመናውያን ባልና ሚስት ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምረው የማዕድን ማውጫ ማማዎችንና የውኃ ጋኖችን ለአሥርት ዓመታት ፎቶ አንስተዋል። ሁልጊዜ በደመናማ ሰማይ፣ ሁልጊዜ ከፊት ለፊት፣ ካሜራውን ሳያዘነብሉ ነበር የሚያነሱት፤ በዚህም ምክንያት ፎቶዎቹ ጎን ለጎን ሲደረደሩ ልዩነታቸውና ተመሳሳይነታቸው ወዲያው ይታያል። ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶና አዋሽ በዚህ መንገድ ቢነሡ ጣቢያዎቹ እርስ በርስ ይነጻጸራሉ። በዚያ አካባቢ ደመና ብርቅ ስለሆነ ፀሐይ ሳትወጣ ጥላ በሌለበት ብርሃን አንሱ። የልስን ስንጥቅ ለማሳየት ግን በተቃራኒው ከጎን የሚመጣ የጠዋት ፀሐይ ይሻላል።

ከጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዕቅዳችንን ቀይረን ከጡረተኞቹ ለመጀመር ተስማምተናል፤ የሃዲዱን ጽሑፍ በከሰል የማውጣቱን ሥራም ሁለት ሰዓሊዎች ከወዲሁ ወስደውታል። የቀረን ጥያቄ፣ አውደ ርዕዩ ሲያበቃ ልኬቶቹና የድምፅ ቅጂዎቹ የት ቢቀመጡ ይሻላል የሚለው ነው።

መልስ (አርክቴክቱ)

ከአንድ ቦታ በላይ ይቀመጡ። አንድ ሙሉ ቅጂ ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም፣ አንድ ደግሞ ለድሬዳዋ ከተማ ባህል ቢሮ ስጡ። ዲጂታሉ ፋይል ቢጠፋ እንኳ እንዲተርፍ ፕላኖቹን በወረቀት አሳትማችሁ አብራችሁ አስረክቡ፤ የርክክብ ደብዳቤም ተቀበሉ።