የእናቴን እግር በስልክ ፎቶ መከታተል ይቻላል?

እናቴ ደሴ ናት፣ ስኳር ከያዛት 14 ዓመቷ። እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ለፋሲካ ሄጄ እግሯን ላጥባት ካልሲዋን ሳወልቅ ደም ደርቆበታል። ከአውራ ጣቷ ሥር ሽምብራ የምታክል ቁስል! «ኧረ አላመመኝም ልጄ» አለችኝ። ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። ቁስሉ በሕክምና ዳነላት፤ አሁን ወንድሜ ማታ ማታ የእግሯን ፎቶ በቴሌግራም ይልክልኛል። ግን ምን ማየት እንዳለብኝ አላውቅም። የምታውቁ እባካችሁ።

መልስ፦
እህቴ፣ ነርስ ነኝ። አደጋው አለማመሙ ነው፤ ስኳሩ ነርቭ ሲጎዳ ጠጠር ጫማ ውስጥ ቢገባ እንኳ አይሰማትም። ፎቶውን ማታ በአምፖል ሳይሆን ጠዋት በቀን ብርሃን፣ ሁልጊዜ ከአንድ ርቀት ያንሳ። መርገጫዋን፣ ተረከዟን፣ በተለይ የጣቶቿን መሃል። በፋይል መልክ ይላከው፤ አለዚያ ቴሌግራም ጥራቱን ይቀንሰዋል። የትናንቱን ከዛሬው ጎን አድርገሽ መቅላት፣ ውሃ መቋጠር፣ በደደረ ቆዳ ሥር የጠቆረ ነገር ፈልጊ። ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ትታይ። ፎቶ ግን ምርመራን አይተካም።

መልስ፦
እኛ ለአባባ የቆዳ ሙቀት መለኪያ ገዝተናል። የሁለቱን እግር ተመሳሳይ ቦታ እየለካን ስልክ ላይ እንመዘግባለን። ልዩነቱ ሁለት ቀን በተከታታይ ከ2.2 ዲግሪ ከበለጠ በእግር መሄድ ቀንሶ ሐኪም ጋ መቅረብ ነው፤ ሙቀቱ ከቁስሉ ቀድሞ ሊታይ ይችላል።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የዛሬ ጠዋቱን ፎቶ ሳየው በትንሿ ጣቷ ጎን ቀላ ያለ ነገር አለ፤ አዲሱ ጫማ ነው መሰለኝ። ወንድሜ አሁኑኑ ይዟት እየሄደ ነው።